መድኑ ከካርዱ ይጀምራል

«ዶክተር፣ ለውሻ ኢንሹራንስ የለም እንዴ?» ቂርቆስና ካዛንቺስ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ይህን ጥያቄ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን ከተናገረ በኋላ ነው።

እዚህ አገር የእንስሳት መድን ሲነሣ ሰው የሚያስበው ከብትን ነው። በ2004 ዓ.ም. ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ቦረና ላይ ለአርብቶ አደሮች መሸጥ የጀመረው መድን የሚሠራው በሳተላይት ነው፤ የግጦሹ ልምላሜ ከተወሰነው መጠን ሲወርድ ካሳ ይከፈላል፣ የሞተ ከብት እየዞረ የሚቆጥር ሰው አያስፈልግም። ድርቅ አገር ምድሩን አንድ ላይ ስለሚመታ ከሰማይ ይታያል። ግቢ ውስጥ የታመመ አንድ ውሻ ግን አይታይም። ዕድሜውን፣ ክትባቱን፣ የቀድሞ ሕመሙን የሚመሰክር መዝገብ ያስፈልጋል፤ ከግቢ ጠባቂ ውሾቻችን ብዙዎቹ ይህ የላቸውም።

የውሻ መድን ስዊድን ውስጥ ከተጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እ.ኤ.አ. 1924 ነበር። አሜሪካ የደረሰው በ1982 ሲሆን የመጀመሪያዋ ባለ ፖሊሲ የቴሌቪዥኗ ውሻ ላሲ ነበረች። ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶች ስለዚሁ ሲጠይቁት ሐኪሙ የሚመክራቸው ከወርሃዊው አረቦን በፊት ውሉ የማይሸፍነውን እንዲያነቡ ነው። ከግዢው በፊት የታየ ሕመም በአብዛኛው አይካተትም። ውሉ ሥራ እስኪጀምር የሚጠበቁ ቀናት አሉ፤ ከሒሳቡም ባለቤቱ ራሱ የሚችለው ድርሻ ይኖራል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ውሻው ገና ቡችላ ሳለ ቢገዛ ይሻለዋል። ክትባት እያለው ውሻው ሳይከተብለት በቀረ በሽታ የሚመጣን ወጪም ብዙ ኩባንያዎች አይከፍሉም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለአዲስ አበባም ይሠራል። ፓርቮ የተባለው ቫይረስ የያዘው የሦስት ወር ቡችላ ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ድዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም። ሐኪሙ የፊት እግሩን ጠጉር ላጭቶ መርፌ ያስገባና ፈሳሽ ይሰቅላል፤ ባለቤቱ ካርቶን ላይ ተኝቶ የሚንቀጠቀጠውን ቡችላ ይዞ ይቀመጣል። ቫይረሱን የሚገድል የተለመደ መድኃኒት ስለሌለ ሕክምናው ሰውነቱ እስኪያሸንፍ በሕይወት ማቆየት ነው፤ ቀናት ይፈጃል፣ ሁሉም አይተርፍም። ክትባቱ ግን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ ዋጋውም ከዚያ ሁሉ ሕክምና ጋር አይወዳደርም።

ለቀረው፣ ለመኪና አደጋና ለስብራት፣ ሐኪሙ በየወሩ ትንሽ ብር ለብቻ ማስቀመጥን ይመክራል። አንዳንዶች «እቁብ እንጣልለት» ይላሉ። እቁብ ዕጣ ሲወጣ ነው የሚሰጠው፤ ሕመም ተራ አይጠብቅም። ጎረቤታሞች በጋራ ካሰቡት የሚያዋጣቸው እንደ ዕድር፣ ችግሩ የደረሰበት የሚያነሣበት መዋጮ ነው።

ከካዛንቺስ ተነሥተው አዲስ ሰፈር ገላን ጉራ ለገቡ ደንበኞቹ የሚነግራቸው ይህን ነው፦ የክትባት ካርዱን ከቤቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡት። አዲሱ ሐኪም የውሻውን ታሪክ የሚያውቀው ከእሱ ነው። ውሻው ሰው ቢነክስም መጀመሪያ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የወሰደበት ቀን ነው።