የ0.01 በመቶ ነገር

የምርጫ ውጤት በተነገረ ማግስት ሰው ሁሉ ደማሪና ቀናሽ ይሆናል። እኔ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ስለሆንኩ ይሄ ያስደስተኛል። ግን አንዲት የስሌት ስሕተት ምን ያህል እንደምታስደነግጥ ኬንያ ላይ አይተናል።

ኦገስት 15 ቀን 2022 ዊልያም ሩቶ የአገሪቱን የፕሬዚዳንት ምርጫ በ50.49 በመቶ ማሸነፋቸው ታወጀ፤ ራይላ ኦዲንጋ 48.85 አገኙ። የሩቶ ደጋፊዎች የሚበዙባት ኤልዶሬት ስትጨፍር፣ የኦዲንጋ ደጋፊዎች በሚበዙባቸው ኪሱሙና ኪቤራ ላይ ጎማ ተቃጠለ። በማግስቱ ከሰባቱ የምርጫ ኮሚሽነሮች አራቱ ወጥተው የዕጩዎቹ ድምር 100.01 በመቶ እንደሚመጣ፣ ትርፏ 0.01ም 142,000 ድምፅ ገደማ እንደሆነች ተናገሩ።

እስቲ አብረን እናስላው። ዋጋ ያለው ድምፅ 14.2 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የዚህ 1 በመቶ 142,000 ነው፤ 0.01 በመቶው ግን 1,420 ብቻ። እሷም ብትሆን ሳጥን ውስጥ የገባች ድምፅ አይደለችም፤ የአራት ዕጩዎች ውጤት ከነጥብ በኋላ ወደ ሁለት አሃዝ ሲጠጋጋ የምትፈጠር ናት። በሩቶና በኦዲንጋ መካከል የነበረው ልዩነት ደግሞ ከ233,000 ድምፅ ይበልጣል።

መጠራጠር ነውር ነው እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም! በ2017 የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰርዞ አስደግሟል። በ2022 ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ በሆኑ የምርጫ ጣቢያዎች የተሞላውን የውጤት ቅጽ፣ ቅጽ 34ኤን፣ ለሕዝብ ክፍት ስላደረገ፣ ጋዜጠኛውም ተማሪውም ቅጹን እያወረደ ራሱ ደመረ። ጥርጣሬ ካላችሁ መያዝ ያለባችሁ እንዲህ ያለውን የጣቢያ ቅጽ ነው እንጂ የመቶኛ ድምርን አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሴፕቴምበር 5 ቀን 2022 በሰባቱም ዳኞች ድምፅ ውጤቱን አጸና።