ስለ ልጆች ልጆችን መጠየቅ

በአሜሪካ አገር በአንዲት ከተማ የሚኖሩ ወላጆች፣ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ነጋዴዎችና ፖሊሶች ወጣቶቻቸውን ከአስካሪ መጠጥ፣ ከትንባሆና ከአደንዛዥ ዕፅ ለመጠበቅ ኅብረት ሲመሠርቱ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሁሉም ከልቡ የሚናገረው አያጣም፤ አንዱ በሱቁ፣ ሌላው በስልኩ፣ ሦስተኛው በትምህርት ቤቱ ያሳብባል። ዳሩ ግን በዚያች ከተማ ስንት ልጅ በስንት ዓመቱ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ እንደ ቀመሰ፣ ከማንስ እጅ እንደ ተቀበላት፣ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል በርግጥ የሚያውቅ አይገኝም። ስለዚህ ከስብከቱም ከቅጣቱም አስቀድሞ የእንዲህ ያለው ኅብረት ሥራ ምርመራ ነው፤ ምርመራውም ከልጆቹ ከራሳቸው ይጀምራል።

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ለእነዚህ ኅብረቶች ድጋፍ የሚሰጥ ሕግ ሲያወጣ፣ አንድ ኅብረት ከ12 የኅብረተሰብ ክፍሎች ወኪል እንዲኖረው አዘዘ፤ ከነዚህም መካከል ወጣቶቹ ራሳቸው፣ ወላጆች፣ ትምህርት ቤት፣ ፖሊስ፣ ነጋዴዎች፣ ጋዜጠኞች፣ ሐኪሞችና የሃይማኖት ማኅበራት ይገኛሉ። ለድጋፉ የተመረጠ ኅብረት ዛሬ በዓመት እስከ 125,000 ዶላር ሲቀበል፣ በበኩሉ በገንዘብ ወይም በጉልበትና በዓይነት ድርሻውን ያዋጣል፤ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱም በመጠጥ፣ በትንባሆ፣ በማሪዋናና ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚወሰድ መድኃኒት ነገር ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካሉ ተማሪዎች የተሰበሰበ መልስ ያቀርባል።

የጥያቄዎቹ ዐምዶች አራት ናቸው። ፊተኛው ልጁ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ከነዚህ አንዱን ወስዶ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሁለተኛው እንዲህ የሚያደርግ ሰው ራሱን ምን ያህል የሚጐዳ እንደሚመስለው፣ ሦስተኛው እርሱ ቢያደርገው ወላጆቹ ምን ያህል ነውር አድርገው እንደሚያዩት፣ አራተኛውም ጓደኞቹ እንዴት እንደሚያዩት ይጠይቃል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከአራቱ ስለ ተግባር የሚጠይቀው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ሦስቱ በልጁ ኅሊና ውስጥ ያለውን አሳብ የሚመረምሩ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። አባትየውን ጠርተን፣ ልጅህ መጠጥ ቢቀምስ ትወዳለህን ብንለው፣ ይህስ ይጠየቃልን ብሎ ይቈጣል፤ መጠይቁ የሚሻው ግን የአባትን አሳብ ሳይሆን የአባት አሳብ ለልጁ ደርሶት እንደ ሆነ ነው። በእኛ በኢትዮጵያውያን ቤት የአባት ፈቃድ በዐይን ጥቅሻና በፊት መለወጥ ይታወቅ ስለ ነበር፣ ብዙው ነገር በቃል ሳይነገር ይኖር ነበር፤ ቀኑን በትምህርት ቤት፣ ማታውን በስልክ ላይ የሚውል፣ አባቱን በሥራ ብዛት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚያገኝ ልጅ ግን ያን ጥቅሻ ሊያነብ አይችልም፤ ዝምታውንም እንደ ፈቃድ ይቈጥረዋል። እንግዲህ በአንድ ከተማ ልጆቹ ለዚህ ጥያቄ ደካማ መልስ ከሰጡ፣ ኅብረቱ ሥራውን ከወላጆች መጀመር እንዳለበት ያውቃል። አራተኛውም ከፊተኛው ጋራ ሆኖ ይጠቅማል፤ ልጆች ጓደኞቻቸው ከሚጠጡት በላይ የሚጠጡ ስለሚመስላቸው፣ የክፍላቸው መልስ ተሰብስቦ ሲነገራቸው ብዙኃኑ ከመጠጥ የራቁ መሆናቸውን ይረዳሉ።

ልጆች ይዋሻሉ ለሚል ሰው መልስ አለ። በመጠይቁ ላይ ስም አይጻፍም፤ ስሙ እንደማይታወቅ ያመነ ልጅ ደግሞ እውነቱን ለመደበቅ ብዙ ምክንያት የለውም። ለመኵራራት የሚያጋንነውንም ለመለየት፣ በአንዳንድ መጠይቆች ውስጥ በዓለም ላይ የሌለ፣ ሆን ተብሎ የተፈጠረ የዕፅ ስም ከእውነተኞቹ ጋራ ተደባልቆ ይገባል፤ ያን የሌለውን ዕፅ ወስጃለሁ ብሎ የመለሰ ተማሪ ወረቀቱ ከቍጥር ይወጣል። ኅብረቱ ከዚህ ሌላ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ መጠጥ የሚሸጡ ሱቆች ስንት እንደ ሆኑ፣ የትንባሆ ማስታወቂያ ከትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ በእግሩ እየዞረ ይመዘግባል።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ ያፈራ እንደ ሆነ በሚገባ ከተመረመሩት ሥራዎች አንዱ በሲያትል በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪድ ሆኪንስና ሪቻርድ ካታላኖ የተባሉ ሊቃውንት ያዘጋጁት ይህን መሰል የኅብረት ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ7 ግዛቶች የሚገኙ 24 ትንንሽ ከተሞች ሁለት ሁለት እየሆኑ በመመሳሰላቸው ተጣመሩ፤ ከየጥንዱም ሥርዓቱን የምትይዘው ከተማ በዕጣ ተለየች። ሥርዓቱ በደረሳቸው ከተሞች የተቋቋመው ጉባኤ የልጆቹን መልስ አንብቦ፣ በዚያ ቦታ ጐልቶ የታየውን ጕድለት መርጦ፣ ለዚያው ለተመረጠው ጕድለት ብቻ ቀድሞ በጥናት የተፈተነ ትምህርት አመጣ፤ በአንዱ ከተማ የወላጆች ሥልጠና፣ በሌላው የክፍል ትምህርት ሊሆን ይችላል። ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የተከታተሏቸው 4,407 ልጆች 8ኛ ክፍል ሲደርሱ፣ ሥርዓቱ በተያዘባቸው ከተሞች መጠጥም ሆነ ሲጃራ መጀመር ከሌሎቹ በሲሶ ያህል አንሶ ተገኘ። ልጆቹ 12ኛ ክፍል ሲደርሱም ፈጽሞ ሳይጀምሩ የቈዩት በነዚህ ከተሞች በዝተው ነበር፤ ባለፈው ወር ወስደናል ባሉት ቍጥር ግን በሁለቱ ወገን ልዩነት አልታየም። ይህን የመጨረሻውን ማስታወቅ ይገባል፤ ለሕዝብ ተስፋ የሚሰጥ ሰው የተስፋውን ወሰንም ሊያሳይ ግዴታ አለበትና። ኅብረቱ ጅማሬውን ይከለክል ይሆናል እንጂ፣ የጀመረውን ለመመለስ ሐኪምና ሕክምና ያስፈልጋል።

ይህ ሥርዓት የተወለደባት ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። በዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛ፣ በ8ኛ፣ በ10ኛና በ12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ስለዚሁ ጕዳይ በየጊዜው ይጠየቃሉ፤ መመለስም በፈቃድ ነው፤ የማይፈልግ ወላጅ ልጄ አይጠየቅ ሊል መብት አለው። ወረቀቱ ልጁን የሚያስከስሰው መስሎት የሚሰጋ ወላጅ ቢኖር፣ ስም የማይጻፍበት መሆኑን አውቆ እንዲፈቅድ እለምነዋለሁ፤ የእኛ ልጆች ካልመለሱ፣ ኅብረቱ በሌሎች ልጆች መልስ ለእኛ ልጆች ይወስናልና። በኅብረቱ ውስጥ ለወላጆችና ለሃይማኖት ማኅበራት በሕግ የተሰጠው ወንበር ደግሞ ለእኛም ክፍት ነው። ከአጥቢያው ሽማግሌዎች አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የሚችል አንድ ሰው ተመርጦ በዚያ ወንበር ቢቀመጥ፣ የመጠይቁንም ውጤት በእጁ ይዞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ጸበል ጸዲቅ ለመቅመስ በአዳራሹ እንደ ተሰበሰቡ በአማርኛ ቢያነብላቸው፣ እናቶችና አባቶች የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ሰምተው በዚያው ቀን ማታ ከልጆቻቸው ጋራ በግልጥ ሊነጋገሩ ይችላሉ።