«ኳ» የሚለው ድምፅ ከየት መጣ? የፒካፕ መሪና እግር በፊዚክስ ዓይን

አንድ ፒካፕ በኮረኮንች መንገድ ሲጓዝ ወይም መሪው ሲዞር ከሥሩ «ኳ» የሚል ድምፅ ማሰማት ቢጀምር፣ ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ድምፁን ለምዶ መንዳቱን ይቀጥላል፣ አለዚያም የተጠረጠረውን ዕቃ ሁሉ በግምት ያስለውጣል። የመጀመሪያው ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል፤ ሁለተኛው ገንዘብ ያባክናል። ይሁን እንጂ ጥቂት የፊዚክስ ሐሳቦችን የጨበጠ ሰው የድምፁን ምንጭ በሥርዓት ፈልጎ ሊደርስበት ይችላል።

የክፍተት ድምፅ

«ኳ» የግጭት ድምፅ ነው። ሁለት የተያያዙ ብረቶች ሊጋጩ የሚችሉት ደግሞ በመካከላቸው ክፍተት ሲፈጠር ነው። አንድ የብረት አካል 1 ሚሊ ሜትር ወድቆ በ0.01 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ የሚያቆመው አማካይ ኃይል የክብደቱን 101 እጥፍ ይሆናል። በመካከሉ 1 ሚሊ ሜትር የሚታመቅ ላስቲክ ቢኖር ግን 2 እጥፍ ብቻ ነው። ላስቲኩ ሲያልቅ ግጭቱ ይበረታል፤ ግጭቱ ክፍተቱን ያሰፋል፤ የሰፋው ክፍተት ደግሞ የባሰ ግጭት ይወልዳል። ስለዚህ ድምፁ በራሱ ጊዜ አይድንም።

ጆሮ ለምን ይሳሳታል?

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር፣ በብረት ውስጥ ግን 5,000 ሜትር ያህል ይጓዛል። በፊት እግር የተፈጠረ ግጭት በሻንሲው አልፎ የመኪናውን ወለል ወዲያውኑ ያርገበግባል። የምንሰማው የወለሉን ድምፅ እንጂ የተጋጨውን ዕቃ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ጥያቄያችን «የት ተሰማ?» ሳይሆን «የትኛው ኃይል ሲቀየር ተሰማ?» መሆን ይገባዋል።

አንድ ኃይል በአንድ ጊዜ

መኪናው ቆሞ፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ ረዳት መሪውን በትንሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዝ። ድምፁ ከተሰማ በመንገዱ ማሳበብ አይቻልም። የመሪውን ቴስቲኒዎች አንድ በአንድ በእጅ ብንዳስስ ልቀት ያለበት መጋጠሚያ በጣታችን ይታወቀናል።

ድምፁ በጉብታ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ጉብታውን በዝግታ ሁለት ጊዜ እንሻገር፤ አንዴ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ሲወጡ፣ አንዴ በየተራ ሲወጡ። ግራና ቀኙን የሚያያይዘው ሚዛን ጠባቂ ዘንግ የሚጠመዘዘው ጎማዎቹ እኩል ካልተነሱ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ብቻ «ኳ» ካለ የዘንጉ ማያያዣዎች ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

ቀጥሎ የፊት ጎማው በክሪክ ተነስቶ፣ መኪናውም በጠንካራ መደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን እንነቅንቅ። ልቀት ካለና ረዳት ፍሬን ሲረግጥ ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ፍሬኑ ጎማውን ከተሸካሚው ጋር አጥብቆ ስለሚይዘው። ልቀቱ ካልጠፋ ግን ቦል ጆይንቱ ይመርመር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ድጋፉ ስፕሪንጉ በሚጫነው ክንድ ሥር ካልሆነ ስፕሪንጉ መጋጠሚያውን ወጥሮ ስለሚይዘው ያለቀው ቦል ጆይንት ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ድምፁ መኪናው ሲነሳ ወይም ማርሽ ወደ ኋላ ሲገባ ከሆነ ደግሞ የጥምዘዛው አቅጣጫ መገልበጡን ልብ እንበል፤ የካርዳኑን መጋጠሚያ፣ የኋላ ባሌስትራውን ላስቲኮችና ማሰሪያ ብሎኖች እንፈትሽ።

መቼ እንቁም?

ያለቀ ማያያዣ ለጥቂት ቀናት ሊታገሥ ይችል ይሆናል። የላላ ቴስቲኒ ወይም ቦል ጆይንት ግን አይታገሥም። ቴስቲኒው ከወለቀ ጎማው ለመሪው አይታዘዝም፤ ቦል ጆይንቱ ከተላቀቀ ጎማው ከመኪናው ሥር ይታጠፋል። በእነዚህ ላይ ልቀት ያገኘ ሰው መኪናውን ሳያንቀሳቅስ መካኒክ ሊጠራ ይገባል፤ ለመካኒኩም «ድምፅ አለ» ከማለት ይልቅ ድምፁ በየትኛው ሙከራ እንደተሰማና በየትኛው እንደጠፋ ቢነግረው ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል ማለት ነው።