ትዳር ሲፈርስ የማንጎው ዛፍ የማን ነው?

ባልና ሚስት እንዳይለያዩ መምከርና መገሠጽ የካህናትና የሽማግሎች ሥራ ነው፤ ስለዚህም ነገር ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ግን ምክሩ ሁሉ ሳይሠራ ቀርቶ ጎጆው ከፈረሰ በኋላ ስለሚመጣው ነገር፥ ይኸውም ስለ ንብረቱ፥ ስለ ዕዳውና ስለ ልጆቹ ነው። ይህን አስቀድሞ ማንሣት እንደ ሟርት የሚቈጥረው ብዙ ነው። ባለማወቅ የሚጐዱትም ብዙዎች ስለ ሆኑ ዝም ማለትን አልወደድንም።

ከአሶሳ በስተሰሜን በምትገኘው በሆሞሻ ወረዳ ከማሽላው እርሻ ሌላ የቤተሰቡ ሀብት በጓሮ የቆመው ማንጎ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከማግባቱ በፊት ከአባቱ በወረሰው መሬት ዐሥር የማንጎ ዛፎች ተክሎ ነበር እንበል። ካገባ በኋላ ከሚስቱ ጋራ ሌላ ሃያ ተከሉ። ሚስቲቱ ውሃ ቀዳች፥ አጠጣች፥ ፍሬውንም ተሸክማ ለገበያ አወጣች፤ በገንዘቡ ሁለት ላሞች ተገዙ። ትዳሩ ሲፈርስ ባልየው «መሬቱ የአባቴ፥ ማንጎው የኔ፥ ላሞቹም ከማንጎው የተገዙ ናቸው» ቢል ልክ ነውን?

ከዐሥሩ ዛፎችና ከወረሰው ይዞታ በቀር ልክ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ ያገኙትን ገቢ የጋራ ያደርጉታል። የኋለኛው ሕግማ ከግል ሀብት የሚገኘውም ገቢ የጋራ እንደ ሆነ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ሃያዎቹ ዛፎችና ሁለቱ ላሞች እኩል ይካፈላሉ። ንብረት ሁሉ፥ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ እንኳ ቢሆን፥ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። ሚስቲቱ የቀዳችውን እንስራ ቈጥራ እንድታቀርብ ማንም አይጠይቃትም።

የ1992ቱ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው፥ ለምሳሌ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል። በሆሞሻ የሚኖር ሰውም ዝርዝሩን ከወረዳው ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፥ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ስለ ደነገገ፥ የትኛውም ክልል ከዚህ ሊወርድ አይችልም።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ ተሽጦ ገንዘቡን መካፈል የለም፤ የሚከፋፈለው የመጠቀም መብቱ ነው። በጋራ የተያዘ መሬት የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲሆን በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 456 ታዝዞ ነበር፤ ያም አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። እናቶች ሆይ፥ ደብተሩን አውጥታችሁ ስማችሁ መኖሩን የምትመለከቱት በሰላሙ ቀን ይሁን።

ስለ ሽማግሎችም አንድ ነገር አለን። በ1952ቱ ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሎች ነበሩ። በ1992ቱ ሕግ ግን ሥራቸው ማስታረቅ ብቻ ሲሆን ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ይህን ያልሰሙ ባልና ሚስት ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ወረቀት ይፈራረሙና «ተፋትተናል» ይላሉ፤ ሁለት ፍየል ተቀብላ የተሸኘች ሴትም ነገሩ ያለቀ ይመስላታል። እንዲህ ያለው ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ፍቺ አይሆንም። በተክሊል የተጋቡትም ቢሆኑ የንስሐ አባታቸው ያስታርቃል እንጂ ላም አይከፍልም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚሄዱት ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው።

ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደ ቀረበለት የቀለቡን፥ የልጆቹን አያያዝና የንብረቱን አስተዳደር፥ ከቤቱም ማን እንደሚወጣ ወዲያው ትእዛዝ ሊሰጥ ይገባዋል። ልጆቿን አዝላ በሌሊት ወደ አባቷ ቤት የሄደች ሴት ይህን ትእዛዝ መጠየቅ ትችላለችና የመጨረሻውን ፍርድ አትጠብቅ።

ሽማግሎች ላሙን ሲከፍሉ ዕዳውን ይረሳሉ። ለማዳበሪያና ለልጆች ልብስ የተወሰደ ብድር የትዳሩ ዕዳ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢፈርም እንኳ ባለገንዘቡ ሁለቱንም ሊጠይቅ ይችላል። ከአምስት መቶ ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ዕቃ መሸጥም የሁለቱን ስምምነት ይፈልጋል (ይህ ገንዘብ ዛሬ ፍየል እንኳ አይገዛም፤ ወሰኑ ግን በሕጉ እንደ ተጻፈ ነው)። ሳይስማማ የተሸጠበት ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር፥ ቢዘገይም ከተሸጠ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል።

የልጆቹ ነገር ከሁሉ ይከብዳል። እኛ መምህራን በየመስከረሙ ስም ስንጠራ «አቤት» የማይል ልጅ እናገኛለን፤ ብንጠይቅ ወላጆቹ ተለያይተዋል፥ ደብተር የሚገዛለትም የለም። ልጁ ከማን ጋራ እንደሚኖር ፍርድ ቤቱ የወላጆቹን ገቢና ጤና፥ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል፤ ሁኔታው ሲለወጥም ውሳኔው ይለወጣል። ቀለቡን ለማስከፈል ከደመወዝተኛ አባት ላይ በየወሩ ማስቈረጥ ይቻላል። ወርቅ በሚያጥበውና ማንጎ በሚሸጠው አባት ላይ ግን ገቢውን ማስረዳት የጠያቂዋ ድካም ነው፤ ፍሬውን የገዛው ነጋዴ ማን እንደ ነበረ፥ በየትኛው ወር ስንት ጆንያ እንደ ወሰደና በስንት ብር እንደ ገዛ በልጁ አሮጌ ደብተር ጀርባ እንኳ ጽፋ የያዘች እናት ለዳኛው የምታሳየው አላት።