ከዲምቱ ወደ ዳሞታ፤ ስለ ደጋ አየርና ጸጥ ስላለ ዕረፍት



ዓመቱን ሙሉ ከወረቀትና ከማኅተም ጋር ሲታገል የከረመ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱ በደረሰ ጊዜ «ወዴት ልሂድ?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። አብዛኛው ሰው ዕረፍትን ከሐይቅ ጋር አያይዞ ስለሚያስበው አሳቡ ወደ ቢሾፍቱ፤ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ግን ከውሃ ዳር ይልቅ ከፍ ባለ ስፍራ ስለሚገኘው ዕረፍት ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም የወላይታን ምድር፤ ይልቁንም ከዲምቱ ተነሥቶ ወደ ዳሞታ ተራራ የሚያወጣውን መንገድ ነው።

ዲምቱ የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ከተማ ናት። ከሐዋሳ ተነሥቶ የብላቴን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሶዶ የሚጓዝ መንገደኛ በመንገዱ ላይ ያገኛታል። ብላቴ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ደቡብ እየወረደ አባያ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ሲሆን፤ በሸለቆው ያለው አየር ቀን ቀን እጅግ ይሞቃል። በቀትር ጊዜ በዚህ ሸለቆ የዛፍ ጥላ ሲፈልግ የዋለ መንገደኛ፤ በዚያው ዕለት ማታ በዳሞታ ጐን ላይ ጋቢ ሲፈልግ ይገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጥቂት ሰዓት ጕዞ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ተራራ ለፀሐይ የቀረበ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ይበርዳል?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የራቀች ስለ ሆነች፤ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ሽቅብ መውጣት ቅርበትን ጨመረ አይባልም። የፀሐይ ጨረር አየሩን አቋርጦ ሲያልፍ እምብዛም አያሞቀውም፤ አስቀድሞ የሚሞቀው መሬቱ ነው፤ መሬቱም በተራው በላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲነሣ ከላይ የሚጫነው አየር እያነሰ ስለሚሄድ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ በአማካይ በስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። አባያ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1170 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የዳሞታ ራስ ደግሞ ከ2700 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ከ1500 ሜትር ስለሚበልጥ፤ ከሐይቁ ዳር እስከ ተራራው ራስ አሥር ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እንግሊዞች ህንድን ይገዙ በነበረበት ዘመን፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1864 ጀምሮ፤ በጋው ሲበረታ የመንግሥቱን መሥሪያ ቤት ከነመዝገቡና ከነጸሐፊው ወደ ሲምላ ተራራ ያወጡት ነበር። የሲምላ ከፍታ 2200 ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ከፍ ያለች መሆኗን ስናስብ፤ የእኛ ሠራተኛ ሳያውቀው ዓመቱን ሙሉ በተራራ ማረፊያ ውስጥ እንደሚኖር እንረዳለን። እንዲያውም የእኛ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ባደረጉ ጊዜ፤ ቤተ መንግሥቱ የወረደው ከእንጦጦ ብርድ ወደ ሜዳው ሙቀት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለሚሄደው ሰው ዳሞታ የሚሰጠው ቅዝቃዜን አይደለም፤ ጸጥታን ነው። ከሐዋሳና ከአርባ ምንጭ ለሚሄደው ግን ሁለቱንም ይሰጠዋል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ስለ ሆነች፤ በሥራ ምክንያት ወደዚያ የተዛወሩ ሠራተኞችም ይህን ተራራ ከደጃፋቸው ያገኙታል።

የከፍታ ጥቅም ነፋሻ አየር ብቻ አይደለም፤ ከወባም ጋር ግንኙነት አለው። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይሻል፤ ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በታች ሲወርድ እንደየዓይነቱ ዕድገቱ ይቆማል። በአገራችን ከ2000 ሜትር በታች ያለው ስፍራ ወባ የሚገኝበት ነው ተብሎ የሚቈጠረውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ቍጥር ብቻ መተማመን አይገባም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ የተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ ወባ አይደርስባቸውም በሚባሉ ከፍተኛ ስፍራዎች ጭምር ገብቶ፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ስለዚህ በዲምቱ ወይም በአባያ ዳር የሚያድር ሰው አጎበር ሳይዝ አይሂድ፤ ሶዶም ብትሆን የከተማዋ ታችኛው ክፍል ከ2000 ሜትር በታች ስለሚገኝ ቸል ሊባል አይገባም።

ከአዲስ አበባ ሶዶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል 330 ኪሎ ሜትር፤ በሻሸመኔ በኩል ደግሞ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዳሞታ ከከተማይቱ በስተሰሜን ቆሟል። ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ፤ ዛሬ ግን የጠፋ ተራራ ነው። ለመውጣት የሚሻ ሰው ጎሕ ሲቀድ ቢነሣ ይመረጣል፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው። ፀሐይ የተራራውን ጐን ማሞቅ ስትጀምር አየሩ ከሸለቆው ወደ ላይ ይሳባል፤ በውስጡ ያለው እርጥበትም ከላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል። ከቀትር በኋላ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ጉሙን ብቻ ነው። ማታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተራራው ጐን ቶሎ ስለሚበርድ ከባዱና ቀዝቃዛው አየር ቍልቍል ይወርዳል፤ በግርጌው ያሉ ሰዎች ሲመሽ የሚሰማቸው ነፋስ እርሱ ነው። በጠራ ጧት ግን ወደ ደቡብ የአባያ ሐይቅ ውሃ ይታያል። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታውን ስለ ለመደ አይቸገርም፤ ከቆላ የመጣ ግን ትንፋሹ ቢያጥረው ሳይደነግጥ ቀስ እያለ ይውጣ።

በተራራው ደቡብ ምዕራብ ጐን ሞቼና ቦራጎ የሚባል ሰፊ የዋሻ መጠለያ አለ። ሊቃውንት ቈፍረው ባገኙት ፍም፤ አጥንትና የባልጩት መሣሪያ መሠረት፤ ሰዎች ከ50 ሺህ ዓመት ያህል በፊት ጀምሮ ይጠለሉበት እንደ ነበር ታውቋል። ተመራማሪዎቹ የሚመረምሩት ዋና ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የአፍሪካ ቆላ በድርቅ በተመታባቸው ዘመናት ዝናብ የማያጣው የደቡብ ምዕራቡ ደጋ የሰው መሸሸጊያ ሆኖ ነበርን? የሚል ነው። ይህ እውነት ሆኖ ከተገኘ፤ በዳሞታ ያረፉት የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ፈቃድ ወጥቶላቸው ሳይሆን ነፍሳቸውን ለማዳን የወጡ ናቸው ማለት ነው።

የከተማ ሰው «ጸጥ ያለ ስፍራ» ሲባል ሰው የሌለበት ምድር ይመስለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፤ በአንዳንዱ ወረዳ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ500 ሰው በላይ ይኖራል። የዳሞታም ግርጌና ጐን እርሻ ነው። በየቤቱ ዙሪያ እንሰት ተተክሏል፤ እንሰቱ ደርሶ እስኪፋቅ አራትና አምስት ዓመት፤ ከዚያም በላይ ይቆያልና፤ እንግዳው እንደ ጌጥ የሚያየው ቅጠል የአንድ ቤተ ሰብ ጐተራ ነው። ከፍ እያለ ሲሄድ ገብስ፤ ባቄላና ድንች ይገኛል። እንግዲህ አቋራጭ ለመፈለግ በማሳ መካከል የሚያልፍ ሰው የሚረግጠው ሣር አይደለም። መንገድ ማሳየት የሚችል የአገሩን ልጅ ይዞ ለድካሙም የሚገባውን ከፍሎ መሄድ ይሻላል። በደጅ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲገኙ ቆም ብሎ እጅ መንሣትና «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ መስጠት፤ ፎቶግራፍ ለማንሣትም አስቀድሞ ማስፈቀድ ተገቢ ነው። ራዲዮን ወይም ስልክን ከፍ አድርጎ እያሰሙ መሄድም መልካም አይደለም፤ ይህን የምናገረው በራዲዮ መሆኑን አልዘነጋሁም።

ተራራው ለከተማው የሚሰጠው ሌላ ነገር ደግሞ ውሃ ነው። በላዩ የወረደው ዝናብ ጫካና ሣር ካገኘ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ በተሰነጠቀውም ዐለት ውስጥ አልፎ በግርጌው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ጐኑ ከተራቈተ ግን ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በጎርፍ ይወርዳል፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላም ምንጩ ይደርቃል። ስለዚህ በዳሞታ ከብትና መጥረቢያ እንዳይገባባቸው የተከለሉ ስፍራዎች አሉ። ይህ አሠራር ፍሬ እንደሚያፈራ ለማየት የሚሻ ሰው ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ወደ ሁምቦ ይሂድ። በዚያ 2728 ሄክታር የተራቈተ ተራራ ለሰባት የገበሬ ማኅበራት ተሰጥቶ እንደገና ደን ለብሷል። ደስ የሚለው ነገር አብዛኛው ዛፍ አዲስ የተተከለ አለመሆኑ ነው። የተቈረጡት ዛፎች ሥራቸው ከመሬት በታች ሕያው ነበር፤ ገበሬዎቹ ከብቱን ከልክለው ከጕቶው ከሚያቈጠቍጠው ብርቱውን ቀንበጥ እያስቀሩ ሌላውን መለመሉ፤ ዛፉም በጥቂት ዓመት አደገ። በ2002 ዓ.ም. ይህ ሥራ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የካርቦን መዝገብ ገባ፤ ዛፎቹ ከአየር ለሚስቡት ካርቦንም የዓለም ባንክ ለማኅበራቱ ገንዘብ ከፈለ። ጕብኝት የሚያደርግ ሰው በነዚህ የተከለሉ ስፍራዎች እሳት ማንደድ፤ ቅርንጫፍ መስበር ወይም ያለ ፈቃድ መግባት እንደማይገባው መናገር ያስፈልጋል።

ጊዜውን በተመለከተ፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ወራት ሰማዩ የጠራና መንገዱ የደረቀ ስለ ሆነ ይመረጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የበልጉ ዝናብ ይመጣል፤ ክረምት ደግሞ ለአቀበት አይሆንም። በመስከረም አጋማሽ የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታ ይከበራል። በዚያን ጊዜ ጸጥታ አይገኝም፤ ደስታ ለሚፈልግ ግን ከዚያ የተሻለ ሳምንት የለም።

የሚያዘው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ጋቢ ወይም ሹራብ፤ ባርኔጣ፤ የሚጠጣ ውሃና ጠንካራ ጫማ። በከፍታ ላይ አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ይበረታልና ባርኔጣውን መተው አይገባም። ቍልቍለቱ ከአቀበቱ ይልቅ ጕልበት ስለሚፈትን በትር ቢያዝ መልካም ነው። ጧት የወጣ ሰው እስከ ቀትር ወርዶ በሶዶ ከተማ ቆጮ በአይብና በዳጣ በልቶ ማረፍ ይችላል፤ በማግሥቱም ጊዜ ካለው የአጆራን ሁለት ፏፏቴዎች ለማየት በአረካ በኩል ይሄዳል።