የጢስ ጥቁረት የበገናን ዕድሜ አይመሰክርም

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አዛውንት ከአባታቸው የወረሱትን በገና በነጠላ ጠቅልለው ይህን ጸሐፊ ሊያማክሩ መጡ። በገናውን ለአንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ አሳይተውት ኖሯል። ነጋዴውም ቆዳው የተቀደደ፣ አውታሩ የተበጠሰ፣ እንጨቱም ያልጠቆረ መሆኑን ዘርዝሮ ከማገዶ ዋጋ እምብዛም የማይበልጥ ገንዘብ ነገራቸው። በዚያው መደብር ግን ከገበቴው እስከ ቀንበሩ እንደ ከሰል የጠቆረ ሌላ በገና የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው ተብሎ በብዙ ብር ለሽያጭ ተሰቅሎ ነበር። አንድ እንጨት ዐዋቂ አናጢ አስከትለን ሄደን ሁለቱን ጎን ለጎን ለመመልከት በቃን።

እንደሚታወቀው በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ ቁመቱም አንድ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የምስጋናና የተመስጦ መሣሪያ ነው። አምስት ወይም ስድስት አውታር ካለው ከክራር የሚለየው ግን በብዛትና በቁመት ብቻ አይደለም። የበገና ብርኩማ ሰፊና ከላዩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሠራል፤ ይኸውም በእርሱና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ እንድትገባበት ነው። ያ ልብን የሚነካ የንብ ድምፅ መሰል እዝታ የሚወጣው ከዚህች ቁራጭ የተነሣ ነው። በመደብሩ የተሰቀለው ጥቁር በገና ብርኩማው እንደ ክራር የቀጠነ በመሆኑ እንዚራ የሚያርፍበት ስፍራ አልነበረውም። ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለድርደራ አልተሠራም ማለት ነው።

አናጢው ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አገኘ። ጥላሸቱ በለቀቀበት ስፍራ የምሰሶዎቹን እንጨት መርምሮ ባሕር ዛፍ መሆኑን አረጋገጠ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያረፉት በ1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ነው። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ወሬውን ወደ ቡና ግብዣ መለሰው። በነገራችን ላይ የባሕር ዛፍ ምሰሶ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ መልካም በገናዎች ከእርሱ ተሠርተዋል። ነውሩ የሌለውን ዕድሜ መስጠቱ ነው።

ጢስም ቢሆን የራሱ ሥርዓት አለው። ለረጅም ዘመን ከምድጃ ቤት የተሰቀለ በገና ፊቱ ሲጠቁር በግድግዳው በኩል ያለው ጀርባው ፈዘዝ ብሎ ይቀራል። ሆን ተብሎ የታጠነው ግን ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው። አውታርና ቆዳ ደግሞ ለዘመን ምስክር ሊሆኑ አይችሉም፤ ከበግ አንጀት የሚፈተለው አውታር ይበጠሳል፣ ቆዳውም ይቀደዳልና ሁለቱም በየጊዜው ይለወጣሉ። ስለዚህ የናይሎን አውታር የተገጠመበት አካል አሮጌ ሊሆን ይችላል።

በአዛውንቱ በገና ላይ ያየነው እውነተኛው ማስረጃ የእጅ ሥራ ነበር። ቀንበሩ አውታሮቹ በተጠመጠሙበት ሁሉ ተቦርቡሮ ነበር፤ ጥልቀቱም እኩል አልነበረም። በጣት የሚደረድር ሰው ከዐሥሩ አውታሮች አምስት ወይም ስድስቱን ብቻ እየመታ የቀሩትን የጣት ማሳረፊያ ያደርጋቸዋልና፣ ዘወትር የሚቃኙት ይበልጥ ይፈትጋሉ። የግራ እጅ የሚያልፍበት የምሰሶ ጠርዝም እንደ ቀንድ ለስልሷል። እንዲህ ያለውን መፋቅ በሞረድ ለማስመሰል የሚሞክር ቢኖር እኩል አድርጎ በመሞረዱ ይጋለጣል።

ዋጋን በተመለከተ ብዙ ባለቤቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከመሸጣቸው በፊት እንዲያምር ብለው እንጨቱን አጥበው ቫርኒሽ ይቀቡታል፤ ከዚያ በኋላ የእጁም የጢሱም ምልክት ይጠፋል። የደራሪው ማንነት፣ በገናው የተሠራበት አገር፣ በማን እጅ እንደ ዞረ በጽሑፍ መያዝም ለዋጋው ከጌጥ ይልቅ ይበጃል። ቀድሞ በየቤቱ ይህን የሚነግር አይታጣም ነበር። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው ወታደራዊ መንግሥት ዘመን የበገና ትምህርት ክፉኛ ስለ ተዳከመ ግን በብዙ ቤት መሣሪያው ቀርቶ ታሪኩ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ። ለማነጻጸር የሚሻ ሰው በአዲስ አበባ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቢጎበኝ ይጠቀማል። ቅርስ የሆነን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ግን በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን ገዥም ሻጭም ይወቁት።

አዛውንቱ ለበገናው ስንት ብር እንደሚያወጣ አጥብቀው ጠየቁን። ከነጋዴው ጥሪ ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ነግረን፣ ቁርጥ ያለ ዋጋ ግን ድምፁ ሳይሰማ ሊነገር እንደማይችል አስረዳናቸው። አሮጌውን ቆዳ ሳይጥሉ በከረጢት አስቀምጠው አዲስ እንዲያስለብሱ መከርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ እንደ ገና በነጠላው ጠቀለሉት። የበሬ ቆዳ የሚያለብስ ባለሙያ አግኝተዋል፤ ሥራው ለዐቢይ ጾም መግቢያ እንዲደርስላቸውም ቀብድ ከፍለዋል።