ባትማን የማን ነው?

ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በዓል በኋላ ከአንድ የቅርብ ጓደኛዬ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ሳንነጋገር ቀርተን ነበር። የጠባችን ምክንያት ገንዘብም የኳስ ጨዋታም አልነበረም፤ ባትማን የሚባለው የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ ጀግና ነበር እንጂ። ወላጆቻችን ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ እኛን ያጣላን ጥያቄ ከእኛ በፊት ብዙ አንባብያንን ለዓመታት ያከራከረ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታላቅ ወንድሜ ፍራንክ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የደረሰውን አንድ መጽሐፍ ሰጥቶኝ ነበር። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጨለማው ፈረሰኛ ተመለሰ» ማለት ነው። እኔም አንብቤ ስለ ወደድሁት ለጓደኛዬ አዋስሁት። እርሱ ግን በማግሥቱ መልሶ አመጣውና «ይህ ሰው ባትማን አይደለም፤ ስሙን ብቻ ነው የወሰዱለት» አለኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ ለመግለጽ፥ ኮሚክ ማለት ታሪኩ በተርታ በተደረደሩ ሥዕሎች የሚነገርበት መጽሔት ነው። ለነዚህ ጀግኖች በር የከፈተው ሱፐርማን ነው። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ፈጠሩትና መብቱን በ130 ዶላር ለአሳታሚው ሸጡት፤ በ1938ም ታትሞ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር ባትማንን አወጡ፤ ይኸውም የሌሊት ወፍ ሰው ማለት ነው። ሱፐርማን ከሌላ ዓለም የመጣ፥ በሰማይ የሚበር፥ ጥይት የማይበሳው ነው። ባትማን ግን እንደ እኛ ሥጋና ደም ነው፤ በልጅነቱ ወላጆቹን ወንበዴ በፊቱ ስለ ገደለበት ሀብቱንና ጉልበቱን ወንጀለኞችን ለመዋጋት ያዋለ ሰው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጀግናው የኩባንያ ንብረት ስለ ሆነ አንዱ ደራሲ ሲሄድ ሌላው ይተካል፤ ጀግናው ግን አያረጅም። አንባቢው ከልጅነት እስከ ሽበት አብሮት ሲኖር፥ ደራሲው ጥቂት ዓመት ጽፎ ይሄዳል። ስለዚህ አንባቢው «የጀግናው የሥጋ ዘመድ እኔ ነኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ሚለር በ1986 በአራት ክፍል ባወጣው በዚህ ታሪክ የማያረጀውን ሰው አስረጀው። ባትማን ዕድሜው 55 ሆኖ፥ ሥራውን ከተወ ዐሥር ዓመት አልፎት ሳለ፥ ከተማው በወንበዴ ሲጨነቅ ተመልሶ ይነሣል። ሮቢን የሚባለው ረዳቱ ቀድሞ ወንድ ልጅ ነበር፤ እዚህ ግን ኬሪ ኬሊ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ ናት። ሱፐርማን ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ያዘዘውን የሚፈጽም ሎሌ ሆኗል። በመጨረሻም ሁለቱ የጥንት ወዳጆች ይደባደባሉ።

የወደዱት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው። በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክ ልጆችን ያበላሻል የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ የአሜሪካ ሴኔትም ጉዳዩን መረመረ። አሳታሚዎቹም ፈርተው በራሳቸው ላይ ጥብቅ ደንብ አወጡ፤ ታሪኮቹም ለዘሩ። ከ1966 እስከ 1968 የታየው የቴሌቪዥን ባትማንም ለሣቅ የተሠራ ነበር። ጀግናቸው መሣቂያ መሆኑ ያሳፈራቸው አንባብያን ሚለር ክብሩን የመለሰለት መሰላቸው። ሌሎቹ ግን «ለደካማ የሚቆመውን ሱፐርማንን ሎሌ አደረገብን፤ ባትማንንም ከሕግ በላይ የሆነ ጨካኝ አደረገው» ብለው አዘኑ። ስለ ሱፐርማን የተባለው እውነት አለው እላለሁ፤ መጽሐፉን ብወድም እርሱን በድሎታል።

ከጓደኛዬ ጋር በተኳረፍንባቸው ቀናት ስለ ጥንቱ ባትማን ሳነብ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘሁ። በ1939 የወጣው ባትማን ወንጀለኞችን ይገድል፥ አንዳንድ ጊዜም ሽጉጥ ይይዝ ነበር። ነፍስ አያጠፋም የሚለው ደንብ በኋላ ከአዘጋጆቹ የመጣ ነው። ይህን ይዤ በአራተኛው ቀን በድል አድራጊነት ወደ ጓደኛዬ ሄድሁና «አንተ የምትሟገትለት ባትማን ራሱ የተለወጠ ነው» አልሁት።

እርሱም ጥቂት አስቦ «እንግዲያማ ማንም የፈለገውን ያድርግበት ማለትህ ነዋ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። ምክንያቱም እርሱ የጠቀሰልኝ ያው ሚለር ከ2005 ጀምሮ ከሠዓሊው ጂም ሊ ጋር ያወጣውን ሌላ የባትማን ታሪክ ነበር። በዚያ ውስጥ ዲክ ግሬይሰን የተባለው የ12 ዓመት ልጅ እናትና አባቱ ሲገደሉ ያያል። ባትማን በዚያው ሌሊት ወስዶ ይሰድበዋል፤ በዋሻ ውስጥም ትቶት፥ ቢርበው አይጥ ይዞ እንዲበላ ይነግረዋል። አንዳንዶች ደራሲው ሆን ብሎ በጀግናው መቀለዱ ነው ብለው ይከላከሉለታል። ለእኔ ግን ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ1986 የሽማግሌው ምሬት ምክንያት አለው፤ ጄሰን ቶድ የተባለው ሮቢን ስለ ሞተበት ልብሱን በመስታወት ውስጥ አኑሮ ይኖራል። በ2005 ግን ወላጆቹ በፊቱ የተገደሉበት ሰው፥ ያው ኀዘን የደረሰበትን ልጅ ያሠቃያል። የራሱን ቁስል የረሳ ባትማን ከየት እንደ መጣ አይገባኝም።

ታዲያ ፍርዱ ለአንባቢ ይሰጥ እንዳይባል፥ እርሱም ተሞክሯል። በ1988 አሳታሚው ዲሲ ያንኑ ጄሰን ቶድን በሌላ ደራሲ ታሪክ ውስጥ በፈንጂ አደጋ ጣለውና፥ ይሙት ወይስ ይዳን ሲል አንባብያን በስልክ ድምፅ እንዲሰጡ ጋበዘ። አንዱ ጥሪ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ይዳን ያሉት 5,271፥ ይሙት ያሉት 5,343 ሆኑ፤ ልጁም በ72 ድምፅ ብልጫ ሞተ። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ዝም አለ። «እኔ ብሆን እንዲድን እደውል ነበር» ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እኔም እንደዚያው።

እርሱ የሚጠላው የ2005ቱ ታሪክ በ2008 ዐሥረኛው ቍጥር ላይ ቆሞ ቀረ፤ የትንሹ ዲክ ነገር ፍጻሜ አላገኘም። ጓደኛዬ መጽሐፉ ቢቃጠል እንደማያዝን ለክፍላችን ልጆች ሁሉ ተናግሯል። ባለፈው ሳምንት ግን ከቤተ መጻሕፍት ስንወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ዐሥራ አንደኛው ወጥቶ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።